አንዱ ሐኪም «በኦፕራሲዮን»፣ ሌላዋ «በምጥ» ካሉኝ ማንን ልመን?

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ 31 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። የመጀመሪያ ልጄን ከሦስት ዓመት በፊት በአንድ የግል ሆስፒታል በኦፕራሲዮን ወለድኩ። ምጥ ሳይጀምረኝ ‹ልጁ ትልቅ ነው፣ እትብትም አንገቱ ላይ ተጠምጥሟል› ተብዬ ነው የገባሁት፤ ሲወለድ 3 ኪሎ ከ400 ሆነ። አሁን የሰባት ወር እርጉዝ ነኝ። የሚከታተለኝ ሐኪም ‹አንዴ በኦፕራሲዮን የወለደች ሁሌም በኦፕራሲዮን ነው፤ ቀን እንቁረጥ› አለኝ። ለማረጋገጥ መንግሥት ሆስፒታል ሄጄ ያማከርኳት ሐኪም ደግሞ ‹በምጥ መሞከር ትችያለሽ› አለችኝ። ስቶክሆልም ያለችው እህቴ እንደኔው አንዴ በኦፕራሲዮን ወልዳ ሁለተኛዋን በምጥ ተገላግላለች። ገጠር ያለችው የአክስቴ ልጅ ግን ሁለት ቀን አምጣ፣ አምቡላንስ ሳይደርስላት ልጇን አጣች። ሕክምና ሳይንስ ከሆነ እንዴት እንዲህ ይለያያል? የመጀመሪያው ሐኪም ገንዘብ ፈልጎ ይሆን? ማንን ልመን?»

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ስለ አክስትዎ ልጅ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። የእሷን ታሪክ ከራስዎ ታሪክ ጎን ማስቀመጥዎ ከጥያቄዎ ሁሉ ትልቁ ነገር ይመስለኛል፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

«ሳይንስ ከሆነ እንዴት ይለያያል?» ላሉት፣ ከእርግዝና ወጣ ብዬ በቶንሲል ልጀምር። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ1934 በታተመ አንድ የኒውዮርክ ጥናት 1,000 የ11 ዓመት ተማሪዎች ታዩ። 611ዱ ቶንሲላቸውን አስቀድመው አስወጥተዋል። የቀሩት 389 ልጆች ሐኪሞች ፊት ቀረቡና 174ቱ «ይውጣላቸው» ተባለ። «ደኅና ናችሁ» የተባሉት 215 ልጆች ወደ ሌሎች ሐኪሞች ተላኩ፤ ከእነሱም 99ኙ ይውጣላቸው ተባለ። ከዚያ የተረፉት 116ቱ እንደገና ታዩና 51ዱ ለቢላ ታጩ። በመጨረሻ ከ1,000 ልጆች መካከል «ቶንሲሉ ይቀመጥ» የተባለለት 65 ልጅ ብቻ ቀረ። ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ሐኪሞቹ ፊት የቀረቡት ባልደረቦቻቸው «ጤነኛ ናቸው» ብለው ያሰናበቷቸው ልጆች ነበሩ፤ ሆኖም በየዙሩ ወደ ግማሽ የሚጠጉት እንደገና በሽተኛ ሆነው ወጡ። እኔ ሳነበው፣ ሐኪሞቹ ከጉሮሮው ይልቅ «ከሚመጡልኝ ልጆች ግማሽ ያህሉ ያስፈልጋቸዋል» የሚለውን ልማዳቸውን ያዩ ይመስለኛል።

በእንግሊዝም ያው ነው። አሊሰን ግሎቨር የተባለ ሐኪም በ1938 እንደጻፈው፣ ሆርንዚ በምትባል የለንደን አካባቢ በ1928 የ186 ተማሪዎች ቶንሲል ወጥቶ ነበር። የትምህርት ቤቶቹ ጤና ኃላፊ ተቀየረ፤ በ1929 ቁጥሩ 12 ሆነ። የልጆቹ ጉሮሮ በአንድ ዓመት ውስጥ አልተለወጠም። እኛ አገር እንጥል የሚቆርጡ አዋቂዎችን «ኋላ ቀር» እያልን ስንወቅስ፣ ነጭ ጋውን የለበሰውም ወገን የራሱ እንጥል ቆራጭነት እንደነበረው ብናስታውስ አይከፋም።

ነገሩን በቅጡ የለካው ጆን ዌንበርግ ነው። በ1973 ከባልደረባው ጋር ባሳተመው ጥናት ቬርሞንት የተባለችውን ትንሽ የአሜሪካ ግዛት በሆስፒታል አካባቢዎች ከፋፍሎ አየ። በአንዱ አካባቢ ከ10,000 ሰው 13ቱ ቶንሲል ሲወጣላቸው፣ በሌላው 151 ሆነ። ሕዝቡ ተመሳሳይ፣ ሐኪሞቹም የተማሩ ናቸው። ዌንበርግ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የደረሰበት ክፍፍል ለእርስዎ ጉዳይ በጣም ይጠቅማል። አንዳንድ ሕክምና አለ፣ ጥቅሙ ስለማያጠራጥር ማንም ሐኪም ሊለያይበት የማይገባ። አንዳንዱ ሁለት መንገድ አለው፤ ሁለቱም የየራሳቸው ትርፍና ኪሳራ ስላላቸው ፍርዱ የታካሚዋ መሆን ይገባዋል። ሌላው ደግሞ የሚሰጠው አልጋው፣ መሣሪያው፣ ባለሙያው ስላለ ብቻ ነው። በአንድ ቦታ ብዙ በሌላ ቦታ ጥቂት ሲሠራ ባዩ ቁጥር፣ ነገሩ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ነው። የእርስዎ የመጀመሪያው ወሊድ፣ የአሁኑ ወሊድና የአክስትዎ ልጅ ወሊድ ሦስት የተለያዩ ቦታ ላይ የሚወድቁ ይመስለኛል።

ወደ ኦፕራሲዮን ልመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1985 ብራዚል ፎርታሌዛ ላይ ከተደረገ ስብሰባ በኋላ፣ በየትኛውም አካባቢ ከመቶ ወሊድ ከ10 እስከ 15 ከሚሆነው በላይ በኦፕራሲዮን የሚሆንበት ምክንያት የለም የሚል ሐሳብ አወጣ። በ2015 ድርጅቱ ነገሩን አጥርቶ፣ በሕዝብ ደረጃ ቁጥሩ ወደ 10 በመቶ እስኪደርስ የእናቶችና የጨቅላዎች ሞት እንደሚቀንስ፣ ከዚያ በላይ ሲወጣ ግን ሞት ሲቀንስ እንደማይታይ ገለጸ። ይህ የአገር መለኪያ እንጂ የአንድ ሴት መለኪያ አይደለም፤ ማንም ሐኪም «የዚህ ወር 10 በመቶዬ ሞልቷል» ብሎ የታመመች እናት ሊመልስ አይችልም።

አሁን የኛን አገር እንይ። በ2016ቱ አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ በኦፕራሲዮን የተወለዱት ከመቶ 2 ብቻ ነበሩ። በዚያው ዳሰሳ አዲስ አበባ ላይ 21 ነው። ከዚያ በፊት በ2008 የተሰበሰበ የአገር አቀፍ መረጃ ደግሞ፣ በጤና ተቋም ከተወለዱት መካከል በመንግሥት ተቋማት 15 በመቶ፣ ለትርፍ በሚሠሩ የግል ተቋማት 46 በመቶ በኦፕራሲዮን እንደነበር ያሳያል። በዚያን ጊዜ የአገሪቱ አጠቃላይ መጠን አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም ነበር። አንድ አገር ውስጥ ሁለት በሽታ ማለት ይህ ነው፦ ቢላ ያጡ እናቶችና ቢላ የበዛባቸው እናቶች። ይህን «በሰለጠነው ዓለም የለም» ብለው እንዳያስቡ። ወደ 600 የሚጠጉ የአሜሪካ ሆስፒታሎችን የ2009 መረጃ የተመለከተ ጥናት፣ መጠኑ ከሆስፒታል ሆስፒታል ከ7 እስከ 70 በመቶ እንደሚለያይ አገኘ።

የመጀመሪያው ኦፕራሲዮንዎ ተገቢ ነበር? ካርድዎን ሳላይ የፍርድ ቃል አልሰጥም፤ ምናልባት ያልተነገረዎት ሌላ ነገር ይኖር ይሆናል። በነገሩኝ ሁለት ምክንያት ብቻ ከሆነ ግን ምክንያቶቹ ደካማ ናቸው። እትብት አንገት ላይ መጠምጠም ከአራትና ከአምስት ልጅ በአንዱ ላይ የሚታይ ነገር ነው፤ አብዛኞቹ በሰላም ይወለዳሉ፤ አዋላጇ ጭንቅላቱ ሲወጣ በጣቷ ታወጣዋለች፣ አለቀ። በአልትራሳውንድ ታየ ተብሎ ብቻ፣ የልጁ የልብ ምት ደኅና ሆኖ ሳለ፣ ወደ ኦፕራሲዮን የሚያስሮጥ መመሪያ አላውቅም። ክብደቱስ? ዘጠነኛው ወር ላይ አልትራሳውንድ የሚሰጠው ግምት ወደላይም ወደታችም ከ10 እስከ 15 በመቶ ሊሳሳት ይችላል። «4 ኪሎ ነው» የተባለው 3 ኪሎ ከ400 ሆኖ ቢወጣ መሣሪያው ከወትሮው የተለየ ነገር አልሠራም ማለት ነው። የአሜሪካ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ «ልጁ ትልቅ ነው» በሚል ብቻ ኦፕራሲዮን እንዲታሰብ የሚለው፣ እናቲቱ ስኳር ከሌለባት ግምቱ 5 ኪሎ ሲደርስ፣ ስኳር ካለባት 4 ኪሎ ተኩል ሲደርስ ነው። የእርስዎ ልጅ ከዚህ በጣም ይርቃል።

«ገንዘብ ፈልጎ ይሆን?» ብለዋል። አዎ ብዬ አንድ ሰው ላይ መፍረድ አልፈልግም፤ አይደለም ብዬ ሙያዬን መሸፈንም አልፈልግም። የግል ሆስፒታል ለኦፕራሲዮን የሚያስከፍለው ለምጥ ከሚያስከፍለው በላይ ነው፤ ይህን ማንም ያውቃል። ግን ከገንዘቡ ይልቅ ሰዓቱ የሚከብድ ይመስለኛል። የመጀመሪያ ልጅ ምጥ 12 ሰዓት፣ 18 ሰዓት ይፈጃል፤ ኦፕራሲዮኑ አንድ ሰዓት አይሞላም። ቀን በሦስት ቦታ የሚሠራ ሐኪም ሌሊቱን አንዲት እናት አጠገብ ቁጭ ማለት አይችልም፤ የሚቀመጥለት በቂ አዋላጅም የለውም። ከዚያ ላይ ፍርሃት አለ፦ ኦፕራሲዮን ሠርቶ የሚወቀስ ሐኪም ጥቂት ነው፤ ጠብቆ ልጅ የጠፋበት ሐኪም ግን ከነቤተሰቡ ስም ይወጣለታል። ፍርሃቱ የእናንተም ነው። ባል ከውጭ አገር የሚመጣበትን ሳምንት ጠብቀን እንድንሠራ፣ በዓል ቀን እንዲሆንልን፣ «ሚስቴ ስትጮኽ መስማት አልችልም» ተብለን የተለመንነውን ቤት ይቁጠረው።

ከሁሉ የሚበረታው ግን ልማድ ነው። ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የምማር ሐኪም) ሳለሁ በአንድ የማዋለጃ ክፍል ሁለት ሲኒየሮች፣ ማለትም የሚያስተምሩን ነባር ሐኪሞች፣ ነበሩን። አንደኛው ተረኛ በሆነ ሌሊት ኦፕራሲዮን ክፍሉ አይዘጋም፤ ሌላኛዋ ተረኛ ስትሆን እኛ ሬዚደንቶች ቁጭ ብለን ሻይ የምንጠጣበት ጊዜ እናገኝ ነበር፤ የልጆቹ ጤና ላይ ለእኛ የሚታይ ልዩነት አልነበረም። በሩ ላይ የምትገባዋ እናት ግን የማን ተራ እንደሆነ አታውቅም። እኔም ራሴ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት እንደ አንደኛው ሲኒየር ነበር የሠራሁት፤ ያስተማረኝ እጅ የእሱ ነበረና። የማህፀን በራቸው ሰባትና ስምንት ሴንቲ ተከፍቶ ሳለ ትንሽ ቢጠበቁ ኖሮ በምጥ ይወልዱ የነበሩ ስንት እናቶች እንዳሉ አሁን ሳስብ ይከነክነኛል። ለካ ስለ ምጥ ፍጥነት ተምሬው የነበረው ከ1950ዎቹ የመጣ ቀመር ነው፤ ከአራት ሴንቲ ጀምሮ በሰዓት አንድ ሴንቲ ይከፈታል የሚል። በ2018 የዓለም ጤና ድርጅት የማህፀን በር አምስት ሴንቲ ሳይደርስ ምጡ ዘገየ ተብሎ መቻኮል እንደሌለበት፣ ከዚያም በኋላ የሰዓት አንድ ሴንቲ ሕግ ለብዙ ጤነኛ እናቶች እንደማይሠራ አስታወቀ። እኔ ግን እስከዚያ ድረስ በዚያ ቀመር ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ።

እንግዲህ «ተገቢ ሕክምና» ማለት ምንድን ነው? በ1980ዎቹ ራንድ የተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ጋር አንድ ዘዴ አበጀ። የተለያየ ሙያ ያላቸው ሐኪሞች፣ አብዛኛውን ጊዜ ዘጠኝ ሆነው ይቀመጣሉ፤ ማስረጃው ይሰጣቸዋል፤ ከዚያ «እንዲህ ያለ ሕመም፣ እንዲህ ያለ ዕድሜ፣ እንዲህ ያለ ምርመራ ያላት ሴት ይህ ይደረግላት?» ለሚል ለእያንዳንዱ ሁኔታ ከ1 እስከ 9 ነጥብ ይሰጣሉ። ከ1 እስከ 3 ተገቢ አይደለም፤ ከ7 እስከ 9 ተገቢ ነው፤ ከ4 እስከ 6 ያለው አጠራጣሪ ነው። መለኪያው ዋጋውን ወደ ጎን ትቶ፣ የሚጠበቀው ጥቅም ከሚጠበቀው ጉዳት በበቂ ርቀት ይበልጣል ወይ የሚል ነው። በዚህ ዘዴ በ1987 የወጣ ጥናት፣ ጭንቅላትን የሚመግበውን የአንገት ደም ሥር ለመጥረግ ከተደረጉት ቀዶ ሕክምናዎች ሲሶ ገደማ፣ 32 በመቶው ተገቢ እንዳልነበር አገኘ። እኔ ከዚህ ዘዴ የምወደው የመሐሉን ቦታ ነው፤ ከ4 እስከ 6። ሐኪሞች «አላውቅም፣ ሁለቱም ያስኬዳል» ለማለት የሚያፍሩበትን ነገር ቁጥር ሰጥቶ ያስቀመጠ ነው።

የአሁኑ እርግዝናዎ ያለው እዚያ መሐል ነው። ስለዚህ ሁለቱም ሐኪሞች የማይረባ ነገር አልተናገሩም፤ ጥፋቱ አንደኛው መሐሉን ጠርዝ አድርጎ ማቅረቡ ነው። «አንዴ በኦፕራሲዮን የወለደች ሁሌም በኦፕራሲዮን» የሚለው አባባል ከ1916 ነው፤ ክሬጊን የተባለ የኒውዮርክ ሐኪም ተናገረው። ሰውዬው ሊያስተላልፍ የፈለገው ግን ተቃራኒውን ነበር፦ የመጀመሪያዋን ኦፕራሲዮን ዝም ብላችሁ አትሥሩ፣ መዘዙ ይከተላታል ነው ያለው። በዚያን ዘመን ማህፀኑ የሚከፈተው ከላይ ወደታች በወፍራሙ ጡንቻ በኩል ነበር፤ እንዲህ ያለ ጠባሳ በምጥ ጊዜ ሊቀደድ የሚችልበት ዕድል ከፍተኛ ነው። በ1920ዎቹ የግላስጎው ሐኪም ማንሮ ከር በታችኛው ቀጭን ክፍል አግድም መክፈትን ካስፋፋ በኋላ ጠባሳው የተሻለ ጠንካራ ሆነ። አባባሉ ግን ከመቶ ዓመት በኋላም አለ።

አንድ አግድም ጠባሳ ብቻ ካላቸውና በምጥ ከሚሞክሩ እናቶች ከ100 ከ60 እስከ 80 የሚሆኑት በምጥ ይወልዳሉ። ጠባሳው የሚቀደድባቸው ከ1,000 ከ5 እስከ 9 ያህል ናቸው። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ሲደርስ ግን የሚደርሰው በደቂቃዎች ውስጥ ነው፤ ልጁም እናቲቱም ሊጠፉ ይችላሉ። ያንን አደጋ ከሌላኛው መንገድ አደጋ ጋር መመዘን ያስፈልጋል። ኦፕራሲዮን ደጋግሞ በተሠራ ቁጥር የእንግዴ ልጁ ጠባሳው ላይ ተጣብቆ የመቅረት አደጋ ይጨምራል። ወደፊት የእንግዴ ልጁ ከታች የማህፀን በሩን ሸፍኖ ቢገኝ፣ አንድ ጊዜ ኦፕራሲዮን ካላት ሴት ላይ የመጣበቁ ዕድል 11 በመቶ ገደማ፣ ሁለት ካላት 40፣ ሦስት ካላት 61 ነው። እንዲህ ሲሆን የሚፈሰው ደም በሊትር ነው፤ ብዙ ጊዜ ማህፀን ወጥቶ ነው እናት የምትተርፈው። ለዚህ ነው ማንም ሐኪም ከእርስዎ ጋር ከመወሰኑ በፊት «ስንት ልጅ ይፈልጋሉ?» ብሎ መጠየቅ ያለበት። ሁለት ብቻ ከሆነ ይህ ስሌት ብዙም አይከብድም። አራት ከሆነ ይከብዳል። ጠይቆዎታል?

የእርስዎ ሁኔታ ለምጥ መልካም ጎን አለው። የመጀመሪያው ኦፕራሲዮን የተሠራው ምጥ ቆሞ ወይም ልጁ አልወርድ ብሎ አይደለም፤ ስለዚህ ዳሌዎ አልተሞከረም እንጂ አልከለከለም። ከመጀመሪያው ወሊድ ሦስት ዓመት ማለፉም ጥሩ ነው፤ የሚያሰጋው አንድ ዓመት ተኩል ሳይሞላ የሚመጣ ወሊድ ነው። ቀደም ሲል በምጥ ወልደው ቢሆን ኖሮ ዕድልዎ ከዚህም በላይ ይሰፋ ነበር።

ለምን ታዲያ ስቶክሆልም ያለችው እህትዎ በቀላሉ ተፈቀደላት፣ እርስዎ ላይ ግን ሐኪሙ አመነታ? ብዙ ሰው «እነሱ ሳይንስ፣ የኛዎቹ ድንቁርና» ይላል። እኔ አልስማማም። ስዊድን ውስጥ በሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ጠባሳው ቢቀደድ፣ ማደንዘዣ ሰጪው፣ ቀዶ ሐኪሙ፣ ደሙ፣ የጨቅላ ሐኪሙ ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። እዚህ አንዳንድ የግል ሆስፒታል ውስጥ ማደንዘዣ ሰጪው በስልክ ነው ከቤቱ የሚጠራው፤ ደም ደግሞ ቤተሰብ በሌሊት ደም ባንክ ሄዶ ነው የሚያመጣው። በእንዲህ ዓይነት ቦታ «በምጥ አይሞከር» ያለ ሐኪም ስለሚሠራበት ሆስፒታል እውነቱን እየተናገረ ይሆናል፤ ምናለ ምክንያቱን እንደዚያው ቢነግርዎ! ያንኑ ሰውነት ይዘው መንግሥት ሆስፒታል ሲሄዱ፣ ተረኞቹ ሌሊቱን እዚያው ስለሚያድሩና ኦፕራሲዮን ክፍሉ ክፍት ስለሆነ፣ «ይሞከር» ያለችዎት ሐኪም ልክ ናት። የሕክምና ተገቢነት ከሴቲቱ ሰውነት ብቻ አይነበብም፤ ከምትወልድበት ሆስፒታልም ጭምር እንጂ። ይህን የምለው ልዩነትን ሁሉ ለመሸፈን አይደለም። የመጀመሪያው ኦፕራሲዮንዎ ከዚህ ምክንያት ውስጥ አይገባም።

በነገራችን ላይ፣ ውጭ አገር ያሉ እህቶቻችንም ከዚህ ነገር አላመለጡም። በስካንዲኔቪያ የተሠሩ ጥናቶች ከአፍሪካ ቀንድ የሄዱ እናቶች በድንገተኛ ኦፕራሲዮን የሚወልዱበት መጠን ከአገሬው ሴቶች ከፍ እንደሚል በተደጋጋሚ አሳይተዋል። ዘግይቶ መምጣት፣ ኦፕራሲዮን መፍራት፣ ቋንቋ አለመግባባት እንደ ምክንያት ይነሳሉ። እህትዎ ምናልባት ቋንቋውን ችላ፣ የፈለገችውን ተናግራ የተሰማች ይመስለኛል።

አሁን ወደ አክስትዎ ልጅ። ስለ ሕክምና ልዩነት ስናወራ ብዙውን ጊዜ ስለ ብዛት ነው የምናወራው፤ ያልተደረገውን የሚቆጥር የለም። ሁለት ቀን ያማጠች ሴት ጉዳይ ሐኪሞች የሚከራከሩበት አይደለም። ነጥብ ይሰጥ ቢባል ዘጠኙም ሐኪሞች 9 ይሰጣሉ። በ1972 ሐራሬ ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ፊልፖትና ካስል ምጥን በወረቀት ላይ የሚከታተል ሠንጠረዥ ያሳተሙት ለእሷ ለምትመስል እናት ነበር፤ መስመሩ ሲታለፍ ሩቅ ገጠር ያለች አዋላጅ ሐኪም ሳትጠይቅ ወደ ሆስፒታል እንድትልክ። ያን ወረቀት ዛሬም በየጤና ጣቢያው ታገኙታላችሁ፤ ተሞልቶ ግን አምቡላንሱ ነዳጅ ከሌለው ወይም መንገዱ ጭቃ ከያዘው ወረቀት ነው። ሐምሊን ባልና ሚስት በ1974 አዲስ አበባ ላይ የፊስቱላ ሆስፒታል የከፈቱት እንደዚያ ካለ ምጥ ልጃቸውን አጥተው ራሳቸው ግን የተረፉትን ሴቶች ለማከም ነው። የአክስትዎ ልጅ ሽንት ያለፈቃዷ የሚፈስባት ከሆነ፣ አፍራ ተሸፍና እንዳትቀመጥ፤ ይታከማል፣ እዚያ ይውሰዷት። ለወደፊትም ካረገዘች፣ በመጨረሻው ወር ሆስፒታል አጠገብ ባለ የእናቶች ማቆያ ትቆይ።

ለእርስዎ ደግሞ ከቀጣዩ ቀጠሮ በፊት የሚያስፈልግዎት አንድ ወረቀት ነው፦ የመጀመሪያው ኦፕራሲዮን ማስታወሻ። ሆስፒታሉ መስጠት አለበት፤ ካርድ ክፍል ሄደው በስምዎና በካርድ ቁጥርዎ ይጠይቁ። ቆዳዎ ላይ ያለው ጠባሳ አግድም መሆኑ ስለ ማህፀኑ ምንም አይናገርም፤ ማህፀኑ ላይ የተቆረጠው እንዴት እንደሆነ የሚናገረው ያ ወረቀት ብቻ ነው። ከላይ ወደታች ከሆነ፣ የምጥ ነገር ይቅር፣ እኔም ሐኪምዎን እደግፋለሁ። ከዚያ አልትራሳውንድ ሲነሡ የእንግዴ ልጁ ከጠባሳው ርቆ መቀመጡን ያስዩ።

በምጥ ለመሞከር ካሰቡ የሚወልዱበትን ሆስፒታል እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ ሌሊት ማደንዘዣ ሰጪ እዚያው ያድራል ወይስ ይጠራል? ደም አለ? «ኦፕራሲዮን ግቢ» ከተባልኩ እስከምከፈት ስንት ደቂቃ ነው? አንድ አዋላጅ ስንት እናት ነው የምትይዘው? የሚመልሱልዎት በቁጣ ከሆነ መልሱን አግኝተዋል። ምጥ እንደጀመረ ወዲያው ይሂዱ፤ ቤት ቆይቶ «ይጠንክር» ማለት ጠባሳ ላላት እናት አይሆንም። ምጥ ለማምጣት ምላስ ሥር ወይም በብልት በኩል የሚሰጠው ሚሶፕሮስቶል የተባለው ኪኒን ጠባሳ ላለበት ማህፀን አይሰጥም፤ ማንም ሊሰጥዎት ቢል ጠባሳዎን ያስታውሱት። ደም ከፈሰሰ፣ ጠባሳው ላይ በምጦቹ መሐል የማይተው ሕመም ከመጣ፣ የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ ሰዓት አይታይም።

ኦፕራሲዮኑን ከመረጡም መብትዎ ነው፤ ማንም እንዳያሳፍርዎት። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚባለው በምጥ ለወለደችም በኦፕራሲዮን ለወለደችም ነው። የማሳስበው ቀኑን ብቻ ነው፦ ምጥ ሳይመጣ 39 ሳምንት ሳይሞላ ከተሠራ ልጁ የመተንፈስ ችግር ሊገጥመው ይችላል። የእርግዝና ቀን ሲሰላ በኛ አቆጣጠር የመጨረሻ ወር አበባዎን ተናግረው፣ ሐኪሙ በፈረንጅ ለውጦ፣ ጳጉሜን ዘልሎ ሲሳሳት ብዙ አይቻለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት አልትራሳውንድ ካለዎት ሳምንቱን በእሱ ይቁጠሩ፤ ሐኪምዎ «ቀን እንቁረጥ» ሲልዎት 39 ሳምንት መሙላቱን በዚያ ወረቀት ላይ አብረው ይቁጠሩ።

ማንን ልመን ላሉት፣ ዛሬ ማንንም እመኑ አልልዎትም። ማስታወሻውን ካገኙ ማህፀኑ ላይ የተጻፈውን የአቆራረጥ ዓይነት እዚሁ ይጻፉልኝ፤ የሚፈልጉትን የልጅ ብዛትም አብረው ይንገሩኝ። ከዚያ ከሁለቱ ሐኪሞች የትኛው ለእርስዎ እንደተናገረ፣ የትኛው ለሆስፒታሉ እንደተናገረ አብረን እናያለን።